ለነጻ ጠበቃ ማን ይከፍላል?

«ልጄ፣ ደሞዝህን ማነው የሚቆርጥልህ?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ከደብረ ሲና በኩል የመጡ እናት ነበሩ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘው፣ የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ውስጥ አልፈው ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ቢሯችን ገና አልተከፈተም። በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የወረዳ ፍርድ ቤቱን የውሳኔ ግልባጭ በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። የሟች ባላቸው ወንድም መሬቱን ይዞባቸው፣ ወረዳ ላይ ተረትተው፣ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊሉ ነው የመጡት።

ሻይ አስመጣሁላቸው። ወረቀቱን አየሁት። የይግባኙ 60 ቀን አላለፈም። ጠበቃ ይቆምልዎታል፣ የሚከፍሉት ነገር የለም አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ቆይቼ ነው የገባኝ። ባላጋራቸው ደህና ገንዘብ ያለው ሰው ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሳይከፈለው የሚሟገት ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። እሳቸው ካልከፈሉ ሌላ የሚከፍል ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ባላጋራቸው ቢሆንስ?

«ድርጅቱ ነው የሚከፍለኝ» አልኳቸው። ይሄ መልስ አይደለም። ድርጅቱስ ከየት አምጥቶ? እኔ በነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ ተቀባይ ሆኜ፣ ጥቃቅን ወጪውንም ይዤ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ በደንብ ያልመለስኩላቸውን ጥያቄ እዚህ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ወጪው የት እንደሚሄድ እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሰው «ነጻ ጠበቃ» ሲባል ጠበቃው ከነተማረው ትምህርት ዝም ብሎ መጥቶ የሚናገር ይመስለዋል። አንድ የይግባኝ መዝገብ ግን እንዲህ ነው፤ ውሳኔው ይነበባል፣ ከሥር ፍርድ ቤት የመዝገብ ግልባጭ ይወጣል፣ ቅሬታው ይጻፋል፣ በኮፒ ይባዛል፣ ሬጅስትራር ይገባል፣ መጥሪያ ይወጣል፣ መጥሪያው ተራራ ለተራራ ተፈልጎ ለመልስ ሰጪው ይደርሳል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይለወጣል፣ ባለጉዳይዋ እንደገና ትሳፈራለች። ለዚህ ሁሉ ወረቀት፣ ቶነር፣ የስልክ ካርድ፣ ነዳጅና የሰው ጉልበት ይሄዳል።

አንድ የሚያቃልል ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ የ1958ቱ፣ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት የዳኝነት ሳይከፍል ይከሳል፣ ይግባኝም ይላል። ቀበሌ ሄዶ የድህነት ማስረጃ ማምጣት ነው። ስለዚህ ትልቁ የፍርድ ቤት ክፍያ ከድርጅቱም ከባለጉዳዩም ላይ ይነሳል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የሚከፈለው፣ ለፎቶ ኮፒው፣ ለትራንስፖርቱ ግን ደሃ ደንብ የለውም። የመጣንበትን ሚኒባስ ረዳት «በደሃ ደንብ ነው» ልትለው አትችልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ግን ደሞዝ ነው። ሁለት ጠበቃ፣ አንድ ባለጉዳይ ተቀባይ፣ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ጥበቃ። ደሞዝ ደግሞ በወረቀት ላይ ከሚታየው ይበልጣል። ለአንድ ሠራተኛ 10 ሺህ ብር ደሞዝ ከተጻፈ ቀጣሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምርበት ወጪው 11 ሺህ 100 ብር ነው፤ ሠራተኛው ከራሱ የሚቆረጥበት 7 በመቶ ለብቻው ነው። ይህን ያልቆጠረ በጀት ስድስተኛው ወር ላይ ይጎድላል። ሲጎድል አይቻለሁ።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከብዙ ቦታ፣ ከእያንዳንዱም ትንሽ ትንሽ።

በቅድሚያ ከሰው አፍ የማይጠፋው መንግሥት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም አቅቶት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል ይላል። ፍርድ ቤቶች ውስጥ ያሉት ተከላካይ ጠበቆች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ በጀታቸው የመንግሥት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የወንጀል ተከሳሽን ነው የሚመለከተው። ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ከርስቱ የተነቀለ ሽማግሌ፣ ደሞዙን የተከለከለ የቀን ሠራተኛ በዚህ አንቀጽ ጠበቃ አያገኙም። አቃቤ ሕጎች ለአቅመ ደካሞች፣ በተለይ ለሴቶችና ለሕጻናት፣ ክስ ሲያዘጋጁና ሲቆሙ አውቃለሁ፤ ጥሩ ይሠራሉ፤ ግን ያላቸው ሰው ከጉዳዩ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ሕዝባችን ደግሞ ሙግት ያውቃል። በላ ልበልሃ ሲባልበት የኖረ አገር ነው። መሬት ያለው ሁሉ መዝገብ አለው ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የመክፈት ልማድ አላቸው፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር ከሦስቱ ሥራዎቻቸው አንዱ ነውና። መምህሩ ደሞዙን ከዩኒቨርሲቲው ያገኛል፣ ተማሪው ለትምህርቱ ይለማመዳል፣ ክፍሉን አንዳንዴ ፍርድ ቤቱ ግቢው ውስጥ ይሰጣል። በብር ሲታይ ርካሽ ነው። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የጠበቆቹ የራሳቸው ጊዜ ነው። ስለ ፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቆች ሥነ ምግባር የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የጥብቅና አዋጅ፣ ቁጥር 1249፣ የፌደራል ጠበቆች ማኅበርን ሲያቋቁም የነጻ አገልግሎቱን ግዴታ አልተወውም። ይሄ ገንዘብ ነው። የአንድ ጠበቃ 50 ሰዓት በገበያ ዋጋ ቢተመን ቀላል አይደለም።

ግን ሰዎች ይህን ሲሰሙ «በቃ ጠበቆቹ ካሉ ድርጅቱ ለምን ገንዘብ ይፈልጋል?» ይላሉ። ደቦ አስቡ። ደቦ ላይ ለአጫጁ ማንም ደሞዝ አይከፍልም። ደቦ የጠራ ሰው ግን ጠላውን መጥመቅ፣ እንጀራውን መጋገር፣ ማሳውን ማሳየት፣ ከየቤቱ ሄዶ መጥራት አለበት። ጠበቃውም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ባለጉዳዩን አዳምጦ፣ ወረቀቱን ለይቶ፣ ማስረጃውን ሰብስቦ፣ «ጌታዬ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ችሎት አለ» ብሎ ካላዘጋጀለት 50 ሰዓቱ እንዲሁ ያልፋል። ለጠላውና ለእንጀራው የሚከፍል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ደረስን። በአገራችን በድርጅት መልክ የተቋቋሙት የሕግ ድጋፍ ፕሮግራሞች ትልቁ ገንዘባቸው የሚመጣው ከለጋሽ ነው፣ ለጋሹም አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ካላወቃችሁ የዛሬው ሁኔታ አይገባችሁም።

በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕጻናት መብት፣ በፍትሕ ሥራ ላይ መሰማራት የሚችሉት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የማያገኙ ድርጅቶች ብቻ ናቸው አለ። ቀሪውን 90 በመቶ ከአገር ውስጥ ሰብስብ ማለት ነው። ከማን? ለሆስፒታል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለተቸገረ ሕጻን ሰዉ እጁን ይዘረጋል፤ ለማያውቀው ሰው ሙግት ገንዘብ የማዋጣት ልማድ ግን አልነበረንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ2002 የባንክ ሂሳቡ ታግዶበታል፤ ሠራተኞቹንም በብዛት ለመቀነስ ተገዷል። ሌሎች ስማቸውን ቀየሩ፣ ዓላማቸውን ቀየሩ፣ ከመብት ወጥተው ልማት ገቡ። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ መቆጠሩ ለጥቂቶች መተንፈሻ ሆናቸው። ያኔ የጠፋው ብር ብቻ አይደለም። ጉዳይ መያዝ የለመዱ ሰዎች ተበተኑ፣ እነሱን መልሶ መሰብሰብ ደግሞ ከብሩ ይከብዳል። እኔ ሥራውን ስጀምር ያሠለጠነኝ ሰው ከእነዚያ አንዱ ነበር።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ወጣ። የ10 በመቶው ገደብ ተነሳ። ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ መቀበል ቻሉ፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ውስጥም መግባት ተፈቀደላቸው፤ ኩባንያ ማቋቋም፣ አክሲዮን መግዛት፣ ከሕዝብ መሰብሰብ። ትርፉ ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባል አይከፋፈልም፣ የንግዱ ሂሳብም ለብቻ ይያዛል።

አዲሱ አዋጅ አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይበልጥም። ሲነበብ ተገቢ ነው፣ ማንም ለድሃ የመጣ ገንዘብ ለወንበርና ለመኪና እንዲያልቅ አይፈልግም። እስቲ በስሌት እንየው። አንድ ቢሮ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ያገኛል እንበል፤ ለማስላት እንዲመች የያዝኩት ቁጥር ነው። 20 በመቶው 400 ሺህ ብር፣ በወር 33 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔት፣ የባንክ አገልግሎት፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ደሞዝ፣ ጥበቃው፣ የኦዲተር ክፍያ ይወጣል። ችሎት የሚቆመው ጠበቃ ደሞዝ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ እሱ የዓላማው ሥራ ነውና። ሆኖም 33 ሺህ ብር ለኪራይና ለሁለት ሰው ደሞዝ ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የት ድረስ እንደሚወስድ የምትኖሩበት ሰዎች ታውቁታላችሁ። ከተማው ፋብሪካ በፋብሪካ ሆኗል፣ ኪራዩም ተከትሎታል።

አሁን ሰው እምብዛም የማያውቀውን ልንገራችሁ፤ ለእኔ የነገሩ እምብርት ይሄ ነው። የለጋሽ ገንዘብ ከነትዕዛዙ ነው የሚመጣው። የዕድር ብር ለለቅሶ ነው፤ ሰብሳቢው ቢቸግረው ለልጁ ሠርግ ድንኳኑን ይዋስ እንደሆነ እንጂ ብሩን አይነካም። የለጋሽ ብርም እንደዚያ ነው። «ለሴቶች ጥቃት ጉዳይ» ብሎ የመጣ ገንዘብ በሴቶች ጥቃት ጉዳይ ላይ ነው የሚወጣው። ለተፈናቃዮች የመጣ ለተፈናቃዮች። ሥልጠና ለመስጠት የመጣ ለአዳራሽ፣ ለአበል፣ ለባነር። ባንክ ውስጥ ገንዘብ እያለ የኮፒ ወረቀት የሚያልቅበት ቢሮ ያየ ሰው አመራሩን ሊሰድብ ይችላል፤ እኔም ሥራውን ሳላውቅ እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ወረቀት ለመግዛት የተፈቀደ ብር ስላለቀ ነው። በሌላው ብር ቢገዙ ኦዲተር ይመጣል፣ «ተገቢ ያልሆነ ወጪ» ይላል፣ ድርጅቱ ከኪሱ ይመልሳል። ከየትኛው ኪሱ?

ደረሰኝ ሌላው ጣጣ ነው። መጥሪያ ለማድረስ ወደ ገጠር ቀበሌ ሄደሃል፤ እስከ ወረዳው በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በበቅሎ ወይም በእግር። ሚኒባሱ ደረሰኝ አልሰጠህም። ባጃጁ ስለ ደረሰኝ ሰምቶም አያውቅ። ባለበቅሎውን መጠየቅ ነውር ነው። ሆኖም ለዚያች ብር ፈርመህ፣ ባለበቅሎውን አስፈርመህ፣ ስልኩን ጽፈህ፣ ከመጥሪያው ኮፒ ጋር አያይዘህ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ትሰጣለህ። መፈረም የማይችል ከሆነ አውራ ጣቱን በቀለም። የቀለሙን ሳጥን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የምዞረው። ይህን የማደርገው ተጠራጥረውኝ አልነበረም። ያቺ ወረቀት ከሌለች የሚቀጥለው ክፍያ አይለቀቅም፤ ገንዘቡ በሩብ ዓመት ወይም በግማሽ ዓመት ተከፋፍሎ፣ የፊተኛው ሪፖርት ሲጸድቅ ነው የሚላከው።

ቀጥሎ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የብዙ ለጋሽ ከጥር እስከ ታኅሣሥ፣ በፈረንጁ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለእረፍት ይዘጋል፤ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚሠራው። ዩኒቨርሲቲው ክረምት ላይ ተማሪ የለውም። እነዚህ አራት የቀን መቁጠሪያዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። መዝገብ አምስተኛው ነው፣ የራሱ ዕድሜ አለው፤ አንድ የመሬት ጉዳይ ከወረዳ እስከ ሰበር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ፕሮጀክት ግን አንድ ዓመት፣ ሲረዝም ሁለትና ሦስት ዓመት ነው።

ውጤቱ ምን እንደሆነ ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ለጋሽ ነበረን፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ገንዘቡ ሰኔ 30 አለቀ። ይታደሳል ተብለን ነበር። ሰኔ ሲጋመስ «ትኩረታችንን ቀይረናል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ክፍት መዝገቦች ነበሩን፣ ብዙዎቹ ለጥቅምትና ለኅዳር ተቀጥረው። ከሁለቱ ጠበቆች አንዱን መያዝ አልቻልንም። ሐምሌን በሙሉ ባለጉዳይ በባለጉዳይ ስልክ ስንደውል ከረምን። «ጠበቃዎ ተቀይረዋል»፣ «እስከ ጥቅምት ይታገሱን»። አንዷ እናት ስልኩን ሳትዘጋ ዝም አለችኝ፤ ልጅ ከኋላዋ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ የቀለብ ጉዳይ ነበር። እስካሁን አልረሳሁትም። ማንም ሰው ሆን ብሎ አልበደላትም። ገንዘቡ የተቆረጠው በፕሮጀክት ዕድሜ እንጂ በመዝገብ ዕድሜ ስላልሆነ ነው፣ ይህን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።

በአገር ደረጃ የሆነውንም አይታችሁታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ውሉን በዶላር የተፈራረመ ድርጅት በብር ሲቀየርለት በዛለት፤ በብር የተፈራረመው ደግሞ ያው ቁጥር ይዞ በነዳጅና በወረቀት ዋጋ ተበላ። በዓመቱ አጋማሽ፣ ጥር 2017፣ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን አቆመ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ላይ የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን አቆመ። ከዚያ በቀጥታ የማያገኙም ተነኩ፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ ትንንሾቹ የሚያስተላልፉት ገንዘብ ነበርና።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል? አሜሪካን ብቻ ላንሳ። ጠበቆች የደንበኛን ገንዘብ በአደራ ባንክ ያስቀምጣሉ፤ ካሳ ይሆናል፣ የቤት ሽያጭ ይሆናል። ለአንድ ሰው ሲታይ ገንዘቡ ትንሽ ወይም ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ወለዱ ለማንም አይረባም። ሲጠራቀም ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ፍሎሪዳ ይህን ወለድ ሰብስቦ ለነጻ የሕግ ድጋፍ ማዋል ጀመረ፣ በኋላ በሁሉም ግዛቶች ተለመደ። ብልህ ነው፣ ከማንም ኪስ አይወጣም። ድክመቱ ወለድ ሲወድቅ አብሮ መውደቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ እንደዚያ ሆኗል፣ ያውም ቤቱንና ሥራውን ያጣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት። መንግሥታቸውም እ.ኤ.አ. በ1974 ባቋቋመው ኮርፖሬሽን በኩል ገንዘብ ይሰጣል፤ እሱም ከነትዕዛዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይህን ገንዘብ የሚወስድ ቢሮ የብዙ ሰዎችን ጉዳይ በአንድነት ክስ ይዞ መቅረብ አይችልም። ትዕዛዝ የሌለው ገንዘብ እዚያም ብርቅ ነው።

ደህና የሚመራ ቢሮ ታዲያ ምን ያደርጋል? ካየሁት ልናገር። አንድ ለጋሽ ከጠቅላላው ግማሹን እንዲይዝ አይፈቅድም። የአባላት መዋጮ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ይሰበስባል፤ ማንም ያላዘዘባት ብር እሷ ብቻ ናትና፣ ወረቀት የሚገዛው፣ የነሐሴ ኪራይ የሚከፈለው በእሷ ነው። ከለጋሽ ጋር ሲዋዋል «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ክፍት መዝገቦች እስኪዘጉ» የሚል መስመር በጀቱ ውስጥ ያስገባል፤ ብዙ ለጋሽ ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ የማንጠይቀው እኛ ነን። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ረጅም ጉዳይ አይቀበልም፣ ምክርና አቤቱታ መጻፍ ላይ ያተኩራል። ለእያንዳንዱ መዝገብ በነጻ የሚያገለግል አንድ የግል ጠበቃ ስም ከመጀመሪያው ቀን ይጻፋል፣ ድርጅቱ ቢወድቅ መዝገቡን የሚያነሳ። እኛ ከዚያ ሰኔ በኋላ ነው ይህን የጀመርነው።

ከእናንተ ውስጥ መርዳት የሚፈልግ ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ ለተለየ ነገር ብላችሁ አትስጡ። «ለሥራ ማስኬጃ» በሉ። አንድ ካርቶን ወረቀት፣ የአንድ ወር የኢንተርኔት ክፍያ፣ ባለጉዳይ ለቀጠሮ መጥታ መሽቶባት የምታድርበት አንድ አልጋ። ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

እኚያ እናት ለይግባኙ ቀጠሮ ሲመጡ ጥያቄያቸውን በደንብ መለስኩላቸው። የሚቆምልዎት የግል ጠበቃ ነው፣ በዓመት ለድሃ ከሚሰጠው ሰዓት ላይ ነው የሚቆምልዎት፣ እሱን ማንም አይከፍለውም አልኳቸው። የእኔን ደሞዝ ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው የሚሰጠው፣ በየሦስት ወሩ ምን እንደሠራሁ እጽፍለታለሁ። ወረቀቱና ኮፒው ከአባላት መዋጮ ነው። የዳኝነቱን ፍርድ ቤቱ ትቶልዎታል፣ ከቀበሌ ባመጡት ወረቀት። የመጡበትን ሚኒባስ ደግሞ እኔ ካርኒ ላይ አስፈርሜዎት ከዚህ ሣጥን ነው የምመልስልዎት።

አንድ በአንድ አዳመጡኝ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«እንግዲያው እሱ የለበትማ» አሉ፤ የባላቸውን ወንድም ነው።

የለበትም አልኳቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ ፌስታሉን ፈቱት። ከውሳኔው ግልባጭ ስር የመሬት ደብተሩ ነበር። ያን ቀን አላሳዩኝም ነበር።